የቢጫው እርሳስ ፈተና

ሠዓሊው በሕይወቱ አንድን ነገር ሆን ብሎ አበላሽቶ ለመሥራት ቆርጦ የተነሳው ያን ማክሰኞ ብቻ ነው፤ እሱም አልሆነለትም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ትልቁም ትንሹም «ሠዓሊው» ይለዋል። ሥዕል ማስተማር ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ስላለፈው እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሰው የሠራተኞች መዝገብ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እሱም ቅር አይለውም። እንዲያውም አንድ ሰው ተሳስቶ በስሙ ሲጠራው፣ ከኋላው ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ዞር ብሎ ያያል።

ጣጣው የመጣው በእርሳስ ነው። ትምህርት ቤቱ ለዓመቱ የሚሆን የሥዕል እርሳስ ሊገዛ ሦስት ናሙና ቀርቦለታል። የግዥ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ባለሙያው «ለሥራ አይሆንም» ብሎ በማስረጃ ካልጣለው በቀር በርካሽ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ማንም ለማንም እንዳያዳላ በየእርሳሱ ላይ የታተመው ስም በወረቀት ተሸፍኖ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ተጽፎበታል። ሀ ቢጫ ነው፣ ለ አረንጓዴ፣ ሐ ጥቁር። ከሁሉም የረከሰው ቢጫው ሲሆን፣ በየደርዘኑ አንድ አንድ የፕላስቲክ መቅረጫ በምርቃት ይዞ መጥቷል።

ሠዓሊው ቢጫውን ገና ከበር ላይ ሲያየው አወቀው። ስሙ ቢሸፈን መልኩ የት ይሄዳል? ያው ያለፈው ዓመቱ ነው፤ ያ ፈዛዛ፣ ግራጫው የደከመ፣ ጥላ ስጠኝ ሲሉት ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል እርሳስ። ባለፈው ዓመት ሠላሳ ሁለት ልጆች ለሥዕል ተመዝግበው ዓመቱ ሲያልቅ አሥራ አራት ቀሩ። ሠዓሊው አንዳንዴ በስልክ፣ አንዳንዴ በዘመኑ ቢያሳብብም ዋናውን ጥፋት የጣለው በቢጫው ላይ ነው፤ ልጅ ደማቅ ጥላ ማየት ይወዳል፣ ጭጋግ ብቻ ሲያይ ይሰለቻል ባይ ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደግሞ በዓመቱ ማብቂያ ስብሰባ ላይ ቁርጡን ነግሮታል፤ ዘንድሮ የተማሪው ቁጥር ከአሥር ካነሰ የሥዕል ትምህርት ይቀርና ክፍሉ ለኮምፒዩተር ይሰጣል። እንግዲህ ቢጫው ዳግመኛ ከገባ ሠዓሊው አለቀለት ማለት ነው። ያን ሰፊ መስኮት፣ ያን ሠላሳ ዓመት ቀለም የጠጣ ወለል አስረክቦ መውጣቱ ነው።

የግዥ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሰብሳቢው ምክትሉ ነው፤ ወጣት፣ ሐቀኛ፣ አንድ መኪና እንኳ በሌለበት መንገድ ላይ መብራት ጠብቆ የሚሻገር ሰው። ሁለተኛዋ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ናቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱን ቁልፎች ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው የኖሩ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው ሴት። ሦስተኛው የስፖርት መምህሩ ነው። እሱ የገባው ደንቡ «ገለልተኛ አባል» ስለሚጠይቅ ሲሆን፣ ስለ እርሳስ ያለው እውቀት ጆሮው ላይ ሰክቶ ከመዞር አያልፍም።

ሰኞ ዕለት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተሰበሰቡ።

«ይሄ ቢጫ አይሆንም» አለ ሠዓሊው ገና ሳይቀመጥ።

«በምን ማስረጃ ጋሼ?» አለ ምክትሉ ብዕሩን አዘጋጅቶ።

«በሠላሳ ዓመት ልምድ!»

ምክትሉ ቅጹን አገላብጦ አየው። «እሱን የት ላይ እንደምጽፈው ቦታ አጣሁለት። ‹በተግባር ተፈትኖ የታየ ጉድለት› ነው የሚለው። በሦስቱም እዚሁ ፊታችን ይሣሉባቸው። ጉድለቱ ከታየ እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ፣ ምን ገዶኝ።»

ሠዓሊው ከኪስ ቦርሳው በካርቶን የተጠቀለለች ምላጭ አወጣ። ሌላው ሰው የሚስቱን ፎቶ በሚያኖርበት ቦታ እሱ ምላጭ ነው የሚያኖረው፤ ሚስቱም ይህን ታውቃለች፣ በየአጋጣሚውም ታነሳበታለች። እርሳስ ሲቀርጽ ግን ማየት ነው። እንጨቱን ቀስ እያለ ይልጠዋል፣ እያዞረ ይዳብሰዋል፣ ጫፉም ረጅምና ቀጭን ሆኖ ይወጣል። መቅረጫ የሚባል ነገር ነክቶ አያውቅም። ለእሱ መቅረጫ የቸኮለ ሰው ዕቃ ነው።

ያሰበው ነገር ቀላል ነበር። ምክትሉን በቢጫው ይሥለዋል፣ ሥዕሉ ፈዝዞ ይወጣል፤ በጥቁሩ ይሥለዋል፣ ሥዕሉ ፍክት ይላል፤ አለቀ። ምን ዋጋ አለው፣ ምክትሉ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የመስኮቱ ብርሃን መጥቶ ጆሮው ላይ አረፈ። ምን ዓይነት ጆሮ ነው! ስድስት ዓመት አብሮት ሲሠራ ሠዓሊው ይህን ጆሮ ልብ ብሎት አያውቅም። ሰፊ ነው፣ ስስ ነው፣ ጠርዙ ላይ ብርሃን ያሳልፋል። እጁ ባለቤቱን ሳያማክር ሥራ ጀመረ። ያ የተረገመ ፈዛዛ ግራጫ ደግሞ ለዚያ ጆሮ ተብሎ የተሠራ ይመስል ልክክ አለ። ከጆሮው ወደ ጉንጩ፣ ከጉንጩ ወደ ቅንድቡ እያለ ሄደና ሠዓሊው ወደ ራሱ ሲመለስ ሃያ አምስት ደቂቃ አልፏል፤ የስፖርት መምህሩም ከኋላው ቆሞ ያፏጫል።

«ኧረ ጋሼ! ሊናገር ምንም አልቀረውም እኮ!»

እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ልጄን! ቁርጥ እሱን!»

ምክትሉ ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየው። ዕድሜ ልኩን በጆሮው ሲያፍር የኖረ ሰው መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ። «እንዲህ ነኝ?» አለ ቀስ ብሎ፤ ጆሮውን በከፊል የሸፈነውን ፀጉርም ወደ ኋላ አደረገው።

ሠዓሊው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ወዲያው ደግሞ የሠራውን ጉድ አየና ኩም አለ። ተሽቀዳድሞ ጥቁሩን አነሳ፤ ነገር ግን ልቡ ተበትኗል፣ እጁም ደክሟል። ጥቁሩ እርሳስ ደግሞ እንደ ልብ ጥላ ስለሚጥል ምክትሉ ሦስት ቀን ታስሮ የተፈታ ሰው መስሎ ወጣ።

«ይሄኛው እንኳ ጥሩ አይደለም» አለ ምክትሉ ቅር ብሎት። «ቢጫው አይሻልም? ምን አድርጎዎት ነው እንዲህ የጠመዱት?»

ሠዓሊው ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ። ያን ሥዕል የሠራው እጁ እንጂ እርሳሱ አለመሆኑን ምሎ ተገዝቶ ተናገረ።

«እጅዎ እኮ ጨረታው ውስጥ የለም ጋሼ» አለ ምክትሉ፤ ለቀልድ አልነበረም።

በስንት ልመና ለማግሥቱ የድጋሚ ፈተና ተፈቀደለት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤት እንደገባ ሁሉን ነገራት፤ የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችውና እስክትታነቅ ሳቀች።

«አንድ ቀን እንኳ አበላሽተህ መሣል አቃተህ?»

«ቀላል መስሎሻል አንቺ!»

«እኔ ስንቱን ቀሚስ አበላሽቼ የለም እንዴ? ምንም ችሎታ አይጠይቅም።»

«ሳትፈልጊ ነዋ ያበላሸሽው! እስቲ ፈልገሽ አበላሺ!»

አሰበችበትና እውነቱን እንደሆነ ገባት። ከዚያ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «በል እኔ ላይ ተለማመድ። በዚህ ዕድሜዬ አስቀያሚ አድርገህ ብትሥለኝ የት እሄዳለሁ?»

ሠዓሊው አንድ ዓይኗን ከሌላው ከፍ አድርጎ ሣለ። አየችውና፣ «ይሄማ አምሽተህ ስትመጣ የማይህበት ዓይኔ ነው፤ እንዴት አድርገህ ያዝከው?» አለች። አፍንጫዋን አጣመመው። «ውይ፣ ታናሽ እህቴ!» ብላ ጮኸችና ልትልክላት ወረቀቱን አጥፋ አስቀመጠች። በሦስተኛው ወረቀት አገጯን ጨርሶ ተወው። እሷ ሥዕሉን ተቀብላ ወደ ብርሃን አስጠጋችው። «እናቴ ናት» አለች፤ ተነስታም ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ሠዓሊው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ማክሰኞ ጠዋት «ዛሬ የመጣው ይምጣ፣ አበላሻለሁ!» ብሎ ከቤቱ ወጣ። በዚህኛው ዙር ወንበሩ ላይ የተቀመጡት እትዬ ናቸው። ሥዕል እንደሚሣሉ ስላወቁ ተዘጋጅተው መጥተዋል፤ አዲስ ሻርፕ ጣል አድርገዋል፣ ፀጉራቸውንም ተሠርተዋል። ሠዓሊው ቢጫውን በምላጩ ቀረጸና ጫፉን ተጭኖ ሊሰብረው ሞከረ። እጁ ግን ሠላሳ ዓመት ወረቀት ሲዳብስ የኖረ ነው፤ ጫን ሲለው ራሱ ይነሳል። ይሁን ብሎ ወደ ሌላው ዘዴ ዞረ። አፍንጫቸውን ድንች አሳከለው፣ ዓይናቸውን አጠበበው፣ አንገታቸውን ጭራሽ አስቀረው። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ኮሚቴው አዙሮ፣ «ይኸው! እርሳሱን እዩልኝ!» አለ።

እርሳሱን ማንም አላየውም። እትዬ ያዩት ሥዕሉን ነው። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ከፊታቸው ጠፋ።

«እንዲህ ሆኛለሁ ለካ» አሉ። ሻርፑን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አጣጠፉት። «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው።»

ይህን ማን ሰው ሆኖ ይችለዋል? «አላለቀም እኮ እትዬ! ገና ጅምሩ ነው!» ብሎ ወረቀቱን መልሶ ነጠቀና ላጲሱን አነሳ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እትዬ ወረቀቱ ላይ አሥር ዓመት ቀንሰው ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ የስፖርት መምህሩም «ቀጣዩ እኔ ነኝ» ብሎ ወረፋ ይዟል። ምክትሉ ጎንበስ ብሎ እየጻፈ የጻፈውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ «ናሙና ሀ በሁለት ዙር ተፈትኖ ምንም ዓይነት ጉድለት አልተገኘበትም።» ሠዓሊው ኮምፒዩተሮቹ በክፍሉ በር ተራ በተራ ሲገቡ ታዩት።

«ቆይ ልጄ» አሉ እትዬ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሰነዱ ‹እርሳስ ከነመቅረጫው› ነው የሚለው። መቅረጫው የት ተፈተነ? እኔ ያልተፈተነ ዕቃ አልረከብም።»

እሳቸው እንደዚህ ናቸው። ለአምፖል እንኳ ሰክተው ሳያበሩት ፈርመው አያውቁም። ምክትሉ ሰነዱን አየ፤ እውነታቸውን ነው። እትዬ አዲስ ቢጫ እርሳስ አነሱና መቅረጫው ውስጥ ከትተው አዞሩት። ቀጭ! ጫፉ እዚያው ውስጥ ቀረ። አራግፈው እንደገና አዞሩት። አሁን ደህና ወጣ ሲባል ወረቀቱን ገና ሲነካው ተሰበረ። እንደገና አዞሩት። ቀጭ!

«ያምጡት በምላጭ ልቅረጽልዎት» አለ ሠዓሊው እጁን ዘርግቶ።

እትዬ አልሰጡትም። «ክፍል ውስጥስ ለሠላሳው ልጅ በምላጭ እየዞሩ ይቀርጹለታል?»

«ተማሪ ምላጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለ ምክትሉ፤ ደንቡን የጠየቀው አልነበረም።

«ታዲያ ልጆቹ በምንድን ነው የሚቀርጹት?»

የሠዓሊው የተዘረጋች እጅ አየር ላይ ቀረች። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ተማሪዎቹ እርሳሳቸውን በምን እንደሚቀርጹ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የኮሚቴ ሥራ መሆኑ ቀረ። የስፖርት መምህሩ «እኔ ልሞክር፣ እትዬ ጉልበት ስላነሳቸው ነው» ብሎ ነጠቀ፤ አራት ጊዜ ሰበረ። ምክትሉ «ዝግ ብሎ ነው የሚዞረው» ብሎ ተቀበለ፤ ዙሩን እየቆጠረ አምስት ጊዜ ሰበረ፣ ከግንባሩ ላብ ጠረገ፣ ማስመሪያ አምጥቶም የተረፈውን ለካ። አንድ ሙሉ እርሳስ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቀርቶታል፤ የተሣለበት ግን አንድ መስመር የለም። በዚያው መቅረጫ አረንጓዴውን ሞከሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰበረ። ጥቁሩ ጭራሽ አልተሰበረም። የስፖርት መምህሩ የቢጫውን ቂጥ ወደ ብርሃን አዙሮ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ የውስጡ የሚጽፈው ዘንግ እኮ መሐል ላይ አይደለም። ወደ ዳር ሸሽቷል። በየት በኩል ተቀርጾ ይቆማል?» አለ።

እትዬ ጠረጴዛውን የሞላውን ፍቅፋቂ በመዳፋቸው እየሰበሰቡ ሳቁ። «እኔ እኮ የራሴ ጥፋት ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ እርሳስ ነበረኝ። በያዝኩት ቁጥር ሲሰበርብኝ አስተማሪያችን ‹አንቺ እጅሽ ከባድ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሥዕል የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም።»

«አሃ!» አለ የስፖርት መምህሩ ብድግ ብሎ። «ለዚህ ነው ለካ! አምና እኮ አሥራ ስምንት ልጅ ከሥዕል ክፍል ወደ መረብ ኳስ መጣልኝ። ‹ምነው፣ ምን ሆናችሁ?› ስላቸው ‹እጃችሁ ከባድ ነው ተባልን› አሉኝ። እኔ ደግሞ እጁ የሚከብድ ልጅ ነው የምፈልገው! ዋንጫውን በማን የበላን መሰላችሁ?» እየሳቀ ወደ ሠዓሊው ዞረና ፊቱን ሲያይ ሳቁ ጠፋ።

«እኔ ነኝ ያልኳቸው» አለ ሠዓሊው።

ምክትሉ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ጫፍ ሰብሮ የመጣውን ሁሉ እጅህ ከባድ ነው፣ አትጫን እለዋለሁ። ሲፈዝባቸው ይጫናሉ፤ ይሰበራል። ይቀርጻሉ፤ ይሰበራል። እኔ የራሴን በምላጭ ቀርጬ አምጥቼ ‹እንዲህ ነው› እላቸዋለሁ። የአንዱን ልጅ መቅረጫ ተቀብዬ እንኳ አላየሁም።» በጣም አፈረ። ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሌላውን ሲከስስ የከረመ ሰው፣ ልጆቹን በገዛ አፉ እንዳባረራቸው አሁን ነው የገባው።

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ቃለ ጉባኤው ላይ... ‹ባለሙያው በፈተነው ጊዜ ጉድለት አልታየም፤ ሙያው የሌላቸው ሰዎች በፈተኑት ጊዜ ታየ› ብዬ ነው የምጽፈው። እንዳይከፋዎት ጋሼ፣ የሆነውም ይኸው ስለሆነ...»

«ጻፈው።»

«ትንሽ ለስለስ ላድርገው?»

«እንዳለ ጻፈው አልኩህ።»

ጻፈው፤ ሠዓሊውም ከሁሉ ቀድሞ ፈረመበት። ቢጫው ወደቀ። ደንብ ደንብ ነውና ያሸነፈው የጓጓለት ጥቁሩ ሳይሆን በዋጋ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴው ሆነ።

በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት የአረንጓዴውን ናሙና፣ አንድ መቅረጫና ወረቀት ይዞ ወደ መረብ ኳሱ ሜዳ ወረደ። የስፖርት መምህሩ ከሩቅ አይቶት፣ «ጋሼ ይተዉ! የፈለጉትን ይውሰዱ፣ አጥቂዬን ብቻ እንዳይነኩብኝ!» ብሎ ጮኸ። ልጆቹ ኳሱን ይዘው ቆሙ። ሠዓሊው ሌሊቱን ሲያዘጋጀው ያደረ ንግግር ነበረው፤ ፊታቸውን ሲያይ ሁሉም ጠፋበት።

«እጃችሁ ከባድ አይደለም» አላቸው። «እርሳሱ ነበር። አይቼ ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ አላየሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። አስተማሪ ይቅርታ ሲጠይቅ አይተው ስለማያውቁ ምን እንደሚባል ግራ ገባቸው። በመጨረሻ አንዷ ረጅም ልጅ፣ ያቺው የተፈራላት አጥቂ፣ ኳሱን ለጓደኛዋ አቀብላ ወደ ፊት መጣች። አረንጓዴውን ተቀብላ በጥርጣሬ አገላበጠችው፣ በመቅረጫው አዞረችው፣ ጫፉን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። አልተሰበረም።

«ወረቀቱን የት ላይ ላድርገው ቲቸር?»

ሠዓሊው ዙሪያውን አየ። ሜዳው ላይ ጠረጴዛ የለ፣ ደረጃ የለ። ዞረና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰላት። ወረቀቱ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ተሰማው፤ ቀጥሎ እርሳሱ። ምን እንደምትሥል አይታየውም። የሚያውቀው እንደምትጫን ብቻ ነው፤ በሸሚዙ በኩል እስከ ጎድኑ ድረስ እየተሰማው ትጫናለች። ሠላሳ ዓመት የለመደው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ዋጠው።

«አይንቀሳቀሱ ቲቸር» አለችው።

«አልንቀሳቀስም» አለ መሬት መሬቱን እያየ።

ከኋላዋ የተሰለፉት «ጨርሺ እንጂ፣ እኛም አለን» እያሉ ሲነጫነጩ ይሰማል።